ይዘኸው ና

ንቦቹ የገቡት ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሐሙስ፣ የካቶሊክ ቁምስናችን ሴቶች አግዳሚ ወንበሮቹን በሳሙና ሲያጥቡ ነው። ጸደይ ስለነበር መስኮቶቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ የግቢው ዛፎች አብበው ሽታቸው ከሳሙናው ሽታ ጋር ይጋፋል። መጀመሪያ አንድ ሰው ሩቅ ሆኖ የሚያጉረመርም መሰለን። ወዲያው በስተግራ ያለው መስኮት ጨለመ። ሴቶቹ ባልዲያቸውን እየጣሉ ወደ በሩ ሲሮጡ መንጋው ከጣሪያው ሥር አንዴ ዞረ፣ ከዚያም ጉዳዩን እንደሚያውቅ ሰው ቀጥ ብሎ ኑዛዜ መስሚያው ሳጥን ውስጥ ገባና ቀረ።

አክስቴ ብቻ አልሸሸችም። እርጥብ ጨርቋን እንደያዘች ቆማ፣ «እኔን ነው የመጡብኝ» አለች።

«ማን ይመጣብሻል?»

«ዝም በል፤ አንተ ምን ይገባሃል።»

ይገባኝ ነበር። ከሩቅ አገር ትምህርቴን ጨርሼ ከተመለስኩ ወዲህ የምኖረው እሷ ቤት ነው። ሻንጣዬን ገና አልፈታሁትም፤ የምፈልገውን እየመዘዝኩ ከአልጋው ሥር መልሼ እገፋዋለሁ። እሁድ እሁድ አብሬያት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ነገር ግን ከኋላ፣ ከዓምዱ አጠገብ እቀመጣለሁ። በዚህ ምክንያት ነው ምሥጢሯን ለእኔ የነገረችኝ። «አንተ አታምንም» አለችኝ፤ «ለማያምን ሰው መንገር ለግድግዳ እንደመንገር ነው። ግድግዳ ደግሞ አያወራም።»

ነገሩ ይህ ነው። የቁምስናችን ቄስ የእሷ ታናሽ ወንድም፣ የእኔ አጎት ናቸው። ሁላችንም፣ እሷም ሰው ፊት ስትሆን፣ አባ እንላቸዋለን። አባ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ፣ የመልካሙ እረኛ ወንጌል በሚነበብበት እሁድ፣ አንድ ታሪክ ይናገራሉ። በልጅነታቸው ውኃ ሊቀዱ ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ ወርደው ነበር። ያበበ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሳለ አንድ ወፍራም ድምፅ በስማቸው ጠራቸው። ዝም አሉ። ደግሞ ጠራቸው። በሦስተኛው «ይዘኸው ና!» አላቸው። ተነሡ፤ የሄዱት ግን ወደ ቤት አልነበረም፤ ቁልቁል ወደ ካህናቱ ቤት ሄደው በሩን አንኳኩ።

ከዚያ ወዲህ የዚያችን የ«ው»ን ትርጉም ሲፈቱ ይኖራሉ። ይዘኸው ና፤ ምኑን? አንድ ዓመት መስቀሉን ነው ይላሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሕዝቡን ነው። ጥርሳቸው ባበጠበት ዓመት ደግሞ ሕመማችንን ነው አሉ፤ ጉንጫቸውን ይዘው ስለተናገሩት ብዙ ሰው አለቀሰ። በዚያች አንዲት ፊደል ጋብቻቸውን ያደሱ፣ መጠጥ የተዉ፣ ልጃቸውን ገዳም የላኩ ሰዎች አሉ።

የጠራቻቸው አክስቴ ናት። ከአጥሩ ኋላ ሆና ነበር፤ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ጎርንኗል። «ው» ባልዲው ነበር።

«ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልነገርሽውም?» ብላት፣

«ልነግረው ስል እናታችን በደስታ ራሷን ስታ ወደቀች። ስትነቃ ልነግረው ስል ትምህርት ቤት ገባ። ዛሬ ነገ ስል ቄስ ሆኖ ተቀባ። ሰው ከተቀባ በኋላ ‹ባልዲውን ነው ያልኩህ› ይባላል?»

ወንድሟ የዚህ ቁምስና ቄስ ሆነው ከመጡ ወዲህ አልቆረበችም። የኑዛዜው ሰልፍ ሲጀመር አበባ ትቀይራለች፣ ሻማ ትጠርጋለች፣ ሰልፉ ሲያልቅ ጨርሳ ትወጣለች። ዘንድሮ ግን ቆርጣለች። «በዚህ ፋሲካ ሳልቆርብ አልቀርም፤ ጉልበቴ የነገረኝ ነገር አለ» አለች። ሌላ ቄስ ዘንድ እንድትሄድ መከርኳት። «የሰረቅሁት ከዚህ ቤት፣ ይቅርታ የምጠይቀው ጎረቤቱን? ይህን ነው የተማርከው?» ብላ አሳፈረችኝ። ፊት ለፊት ንገሪው ብላት ደግሞ «ሞቼ ነው ቆሜ!» አለች። በሳጥኑ ውስጥ፣ በጨለማው፣ ቄሱንና ተናዛዡን በምትለየው ወንፊት በኩል ካልሆነ አትችልም። ደግሞም ፍርሃት ነበራት። «ሰምቶ ክህነቱን ቢተወውስ?»

«ቢተወው የራሱ ጉዳይ ነው» አልኩ።

«ለዚህ ነው ያላገባኸው» አለችኝ።

እንግዲህ ንቦቹ የሰፈሩት እዚያ ወንፊት ላይ ነበር።

አናጢው ተጠራ። ኑዛዜ መስሚያውን የሠራው እሱ ነው፤ የሬሳ ሳጥንም የሚሠራው እሱ ስለሆነ ሰዉ «ሳጥኑ» ሲል የትኛውን እንደሆነ ከፊቱ ነው የሚታወቀው። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ አንገቱን አስገባና ፈጥኖ አወጣው።

«በቄሱ በኩል ነው የሰፈሩት። ወንፊቱን ሸፍነው እንደ ጢም ተንዘርፍፈዋል። አውራው ከወጣ ሁሉም ይወጣል።»

«አውራዋ ናት» አልኩት። «ሴት ናት እኮ። ሁሉንም የምትወልዳቸው እሷ ናት።»

«ምሁሩ፣ ሴት ብትሆን አውራ ትባል ነበር? አውራ ዶሮ እንቁላል ሲጥል አይተሃል? ባሕር ተሻግራችሁ የምትማሩት ይኼን ነው?»

«ሴት ከሆነችማ አትወጣም» አለች አክስቴ ከኋላችን። «ጉዳይ አላት ማለት ነው።»

አባ ንብ ይፈራሉ። «አንድም ቀን ነድፈውኝ አያውቁም፤ ቀርቤያቸው አላውቅማ» ብለው ከበሩ አላለፉም። ሥርዓትም ያከብራሉ፤ አምፖል ለመቀየር እንኳ ጳጳሱ ቢሮ ይደውላሉ። ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ተናገር፤ የተማረ ሰው አጥርቶ ይናገራል።» እኔ ደግሞ ብዙ ዓመት ውጭ ስለኖርኩ አነጋገሬ ተበላሽቷል እንዳይባል ቃላቴን እየመረጥኩ ነው የማወራው። ስልኩን ያነሡት የጳጳሱ ጸሐፊ ነበሩ።

«አባቴ፣ ዛሬ ሳናስበው መንጋ ገብቶብናል» አልኩ።

«መንጋ?»

«አዎ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ።»

«ስንት ይሆናሉ?»

«ማን ይቆጥራቸዋል! በሺህ የሚገመቱ ናቸው።»

አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። «ከየት መጡ?»

«አይታወቅም። የነበሩበት ጠቧቸው ይሆናል። አውራቸው ስትወጣ ተከትለው ወጡ።»

«ሴት ናት መሪያቸው?»

በዚህ ጉዳይ የሚስማማኝ ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ። «ሴት ናት!» አልኩ።

«አሁን ምን ላይ ናቸው ታዲያ?»

«ኑዛዜ መስሚያው ውስጥ ገብተው አንወጣም ብለዋል።»

«ሁሉም?» የጸሐፊው ድምፅ ተንቀጠቀጠ። «ሰላማውያን ናቸው?»

«ካልነኳቸው ማንንም አይነኩም። እኛ እንኳ ጭስ አጭሰን ልናስወጣቸው...»

«ጭስ! በስመ አብ! ልጄ፣ አንድ ሰው ዝር እንዳይልባቸው። እንዳታባርሯቸው! ብፁዕነታቸው ረቡዕ ራሳቸው መጥተው ይባርኳቸዋል።»

ስልኩን ዘጋሁ። ስንት ዓመት ስሸሻት የኖርኩት ቤተ ክርስቲያን ለነፍሳት ይህን ያህል አዛኝ መሆኗን አላውቅም ነበር። ለአባ ስነግራቸው አማተቡ። «ጳጳሳችን ሊቅ ናቸው» አሉ። «የፋሲካ ሻማ እኮ የንብ ሥራ ነው። በትንሣኤ ዋዜማ በዜማ የምናመሰግናቸው በከንቱ አይደለም።»

ለአክስቴ ግን ይህ ምሥራች አልነበረም። ረቡዕ ጳጳሱ ይመጣሉ፤ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ አባ ከቅዳሴና ከጸሎት አይላቀቁም። ከረቡዕ ካለፈ አለፈ ማለት ነው። አናጢው አዘነላትና በጎን በኩል ገመድ ወጥሮ አንሶላ ሰቀለላት፤ አባ ከወዲያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አክስቴ ተንበረከከች፣ አማተበች፣ ቀና አለች፣ ተነሥታም ወጣች። በር ላይ ደረስኩባት።

«ምነው?»

«ፀሐይዋ ከኋላው ናት። አፍንጫው አንሶላው ላይ ታየኝ። የአባታችን አፍንጫ ነው። ለሁለት ልናዘዝ?»

በስልክ እንድትናዘዝ ጠየቀች፤ አባ ምሥጢር በስልክ አይፈጸምም አሉ። ጨለማ ክፍል ይፈለግ አለች፤ ያለን ጨለማ ክፍል አናጢው ሳጥን የሚያስቀምጥበት ብቻ ነው፤ አባ እንቢ አሉ።

ምእመናኑ ግን ንቦቹን ለመዱ። ጳጳሱ አትንኳቸው ካሉ እንግዶች ናቸው ማለት ነው። አንዱ ሳህን ላይ ስኳር በውኃ በጥብጦ አኖረላቸው። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን እያነሡ «እንዴት አደራችሁ» ይላሉ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክካ ኃጢአቷን ለንቦቹ ነገረቻቸውና «ጥያቄ አያበዙም» ብላ ቀሏት ሄደች። በሆሳዕና መዘምራኑ የንቦቹን ድምፅ ተከትለው ዜማ አነሡ፤ እስከማስታውሰው ድረስ ሁሉም እኩል ሲጀምሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ጳጳሱ ደረሱ። አንድ መኪና ይበቃቸዋል ብለን ነበር፤ ሦስት መኪና ሙሉ መጡ። ዲያቆናት ወረዱ፤ የትምህርተ ክርስቶስ መጻሕፍት በካርቶን ወረዱ፤ በጥቅል የታሰረ ነጭ የጥምቀት ልብስ ወረደ። «ለንብ?» አለኝ አናጢው በጆሮዬ። ልብሱን ሳየው እዚያው ቆሜ የስልኩን ንግግር ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በልቤ መለስኩት፤ ላብ አጠመቀኝ። «ንብ» የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ አልተናገርኩም።

ጳጳሱ አጭር፣ ፊታቸው የዋህ ሽማግሌ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ወንበር የዘወትር ሰዎቻችንን ብቻ ይዞ ሲያዩ ዙሪያቸውን ቃኙ። «መንጋው የት አለ?» አሉ።

«እዚያ ነው፣ ብፁዕ አባታችን» አሉ አባ በእጃቸው ሳጥኑን እያሳዩ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ከገቡ ወዲህ አልወጡም።»

ጳጳሱ ቀስ ብለው ተጠጉ፤ ጆሯቸውን ወደ መጋረጃው ዘንበል አደረጉ። ፊታቸው በራ። «ይጸልያሉ!» አሉ በሹክሹክታ። «ቋንቋቸው ግን ምንድን ነው?» ከዚያ መጋረጃውን ገለጡ።

ገልጠው ቆዩ። ጸሐፊያቸውን አዩ። ጸሐፊው እኔን አዩኝ። እኔ አናጢውን አየሁ። አናጢው ጣሪያውን አየ።

«በስልክ የነገርከኝ...» አሉ ጸሐፊው።

«መንጋ ነው ያልኩት፣ አባቴ። መንጋ ናቸው።»

«አውራ አላቸው ብለሃል!»

«አላቸዋ» አለ አናጢው።

ጳጳሱ መጋረጃውን መለሱ። «ስንት ዓመት ‹እረኛ ነኝ› እያልኩ ሰብኬያለሁ» አሉ፤ «የምን መንጋ እንደሆነ ጠይቄ ግን አላውቅም።» ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ሳጥኑን ባረኩት። ካርቶኖቹ ተመልሰው ተጫኑ። ጳጳሱ ግን ከመጡ አይቀር ኑዛዜ ልስማ ብለው ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ሰዉ ተሰለፈ። አክስቴ ከሰልፉ ውጭ ከአበባዎቹ ጋር ቆማ አዩአት።

«እናቴ፣ አንቺስ? ነይ እኔ ጋ።»

መውጫው ተገኘ ብዬ ነበር። አክስቴ ግን አበባውን አስቀመጠች። «ብፁዕ አባታችን፣ እርስዎን አልበደልኩም» አለች፤ «እኔ እዚያ ነው የምገባው» ብላ ሳጥኑን አሳየች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አባ፣ ይግቡ።»

አባ አመድ መሰሉ። «እዚያ? ንብ ነው እኮ!»

«ሰምተው የለ፤ ተባርከዋል።»

«እትዬ፣ እባክሽ...»

«አንተ እረኛ አይደለህ? ግባ እንጂ!»

ጳጳሱ በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ትእዛዝ ነበር። አባ ካባቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ በረዶ ላይ እንደሚሄድ ሰው ወለሉን እየዳበሱ ገቡና ተቀመጡ። አክስቴ በሌላው በኩል ገብታ ተንበረከከች። በመካከላቸው ወንፊቱን የሞላው ንብ ነበር። ጨለማም አላስፈለጋት፤ እንዲህ ያለ መጋረጃ አናጢውም አይሠራም።

ከውጭ የምንሰማው የንቦቹን ድምፅ ብቻ ነው። በመካከሉ የአባ ድምፅ መጣ።

«አልሰማሁም!»

እሷ የሆነ ነገር አጉረመረመች።

«ምን? ማን ጠራ?»

እንደገና አጉረመረመች። ንቦቹ በሁለቱ እስትንፋስ ሞቀው መሰለኝ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እትዬ፣ ጮክ በይ! ንቦቹ ናቸው፣ ምንም አይሰማኝም!»

ከዚያ በኋላ ስለሆነው የተለያየ አስተያየት አለ። እኔ ያነበብኩት መጽሐፍ የንብ መንጋ ማደሪያ የሚፈልጉ መልእክተኞች እንደሚልክ፣ ሲያገኙለትም በአንዴ እንደሚነሣ ይናገራል። አናጢው ግን ያስነሣቸው ጩኸቷ ነው ይላል። ብቻ መጋረጃው ተነፋ፣ መንጋው እንደ ጥቁር ሻሽ ወጣ፣ ከራሳችን በላይ አለፈና በመስኮቱ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። የአክስቴ ድምፅ በዚያ ጸጥታ መካከል፣ ለንብ ተብሎ በተከፈተ ጉሮሮ፣ እስከ ደወሉ ማማ ዘለቀ።

«...እግዚአብሔር አይደለም የጠራህ፣ እኔ ነኝ! ባልዲውን ነው ያልኩህ! ባልዲውን!»

ጳጳሱ አንዱን ሰው ሊባርኩ ያነሡት እጅ አየር ላይ ቀረ።

ወንፊቱ አሁን ባዶ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት እየተያዩ መሆን አለበት። የአባ ድምፅ ተሰማ፤ ቀስ ብለው ነበር የተናገሩት፣ ግን ሁላችንም ሰማነው።

«ባልዲውን?»

«ባልዲውን።»

«ሦስት ጊዜ?»

«ሁለቴ ስጠራህ ዝም አልከኛ።»

«ድምፁ ግን የወንድ ነበር።»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር።»

«ባልዲውስ?»

«ጥለኸው ሄድክ። እናታችን እኔን ገረፈችኝ።»

ከሳጥኑ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ለቅሶ ይሁን ሳቅ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ከዚያ አባ ከኃጢአት የሚፈታውን የፍትሐት ጸሎት ጀመሩ፣ ድምፃቸው ተቆረጠ፣ እንደገና ጀመሩት፣ ጨረሱት። «ንስሐሽ...» አሉና ቆዩ። «ንስሐሽ፣ በፋሲካ ጠዋት ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጪ።»

ጳጳሱ ተነሡ። የሌላ ሰው ኑዛዜ በድንገት ጆሮው የገባ ሰው እንደ ቄሱ ምሥጢሩን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት አስረዱን። «ስለዚህ ማንም ምንም አልሰማም» አሉ።

«ምኑን ነው ያልሰማነው፣ ብፁዕ አባታችን?» አለ አናጢው።

«እሱን።»

ያን ያህል ሰው ሁሉ የሚያውቀውና ማንም ሊያወራው የማይችለው ነገር በቁምስናችን ኖሮ አያውቅም። እኔ ይህን የምጽፈው አክስቴ ስለፈቀደችልኝ ነው። «ጻፈው» አለችኝ፤ «ግን ባልዲው ጥሩ ባልዲ እንደነበር ጻፍ።» ጥሩ ባልዲ ነበር።

ሐሙስ አባ ሳይሰብኩ ቀደሱ። ዓርብ ሕማማቱን ሲያነቡ ድምፃቸው ከሦስተኛው ወንበር አላለፈም። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከቤታቸው አልወጡም። አክስቴ እጇን አቆላልፋ ወንበር ላይ ተቀምጣ መስኮቱን ታያለች። «ሊተወው ነው» አለችኝ። «ልብሱን አጣጥፎ ሊያስቀምጥ ነው። እኔ ጠራሁት፣ እኔው አባረርኩት።»

ላጽናናት ፈለግሁ። ሰው በሐሰት ጥሪ እንኳ እውነተኛ መንገድ ሊሄድ ይችላል ልላት ነበር፤ ከአፌ ሳይወጣ የራሴ ሻንጣ ትዝ አለኝና ሄጄ ሻይ አፈላሁላት።

የፋሲካ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ፈሰሰ። አክስቴ ነጭ ለብሳ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። አጠገቧ እንድሆን ስላዘዘችኝ ዓምዴን ትቼ ሄድኩ። መዘምራኑ ጀመሩ፤ ንቦቹ ስለሌሉ እያንዳንዱ በየራሱ ጀመረ። በፋሲካ ቄሱ በተባረከ ውኃ ሕዝቡን ይረጫል፤ ለዚያ የሚሆን የናስ ዕቃ አለን፣ ሁልጊዜ ከመሠዊያው አጠገብ ይቀመጣል። ቦታው ባዶ ነበር።

ትልቁ በር ተከፈተ። አባ የወርቅ ካባቸውን ለብሰው ገቡ። በቀኝ እጃቸው የቆርቆሮ ባልዲ አንጠልጥለዋል፤ ዳር ዳሩ የተቆረጠ፣ እጀታው የሚንቋቋ፣ የሴቶቹ የወንበር ማጠቢያ ባልዲ ነበር። ከክብደቱ የተነሣ ወደ አንድ ወገን አዘንብለዋል፤ በየርምጃው ውኃው ካባቸው ላይ ይፈሳል። ግራና ቀኝ ማንንም አልረጩም። በመካከሉ መንገድ ኳ፣ ኳ እያለ መጥተው ከአክስቴ ፊት ቆሙ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ይኸው» አሉ። «ይዤው መጣሁ።»

አክስቴ ባልዲውን አየች። ወንድሟን አየች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር።

«ምነው ቆየህ!» አለች።

አባ መርጫውን ባልዲው ውስጥ ነከሩት፣ መልሰው አወጡት፣ አስቀመጡት፤ ከዚያ ባልዲውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው አንድ ጥሩ ጎርፍ አፈሰሱባት። ለእኔም ደረሰኝ። ከኋላ አናጢው «አሜን!» ብሎ ጮኸ፤ ለምን እንደጮኸ ግን ማንም ማንንም ሊጠይቅ አልቻለም።

ቁርባን ሲደርስ አክስቴ ከሁሉ ቀድማ ተነሣች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ ጫማዋ ጨቅ ጨቅ እያለ፣ ወለሉ ላይ እርጥብ ዱካ እያስቀረች ሄደች። እኔ ከወንበሩ አልተነሣሁም። አባ ሲያልፉ ባልዲውን «ያዝልኝ» ብለው ስላስያዙኝ፣ ሰው ሁሉ ሲያማትብ እጄ ባዶ አልነበረም።